ሁለቱ ውቅያኖሶች፦ ለሩጫ ባሕር ማዶ ከመሄድ በፊት



አገራችን በሯጮቿ የታወቀች መሆኗን ልጆቻችን ፊደል ሳይቆጥሩ ያውቁታል። ሙሐመድ ከድር እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳይ ሲያገኝ፣ ኢብራሂም ጄይላን በ2011 በዴጉ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን፣ ሙክታር እድሪስ በ2017 በለንደን፣ በ2019 ደግሞ በዶሃ በ5,000 ሜትር ወርቅ ሲያጠልቅ ያየ ወይም የሰማ ልጅ ጫማውን አሥሮ ወደ ሜዳ ቢወጣ የሚያስገርም አይደለም። ዛሬ የምናነሣው ግን ስለ ሻምፒዮኖች አይደለም። ስለ መምህሩ፣ ስለ ነጋዴው፣ ስለ ነርሷና ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ነው። እነዚህ ወገኖች ሩጫ እንጀራቸው አይደለም። ጧት ጧት ለጤናቸው ሮጠው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። ከመካከላቸው ግን ገንዘብ አጠራቅመው ከአገር በመውጣት፣ ውብ በሆነ የባሕር ዳርቻ ላይ የሚካሄድ ረጅም ሩጫ ለመሮጥ የሚመኙ አሉ።

ምኞቱ ነውር የለበትም። የአላህን ምድር ተጉዞ ማየት፣ የማያውቁትን ሕዝብ መተዋወቅ፣ ሰውነትንም በሥራ ማጠንከር መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ምኞቱ ሦስት ነገሮችን ይነካል፤ የቤተሰብን ገንዘብ፣ የሯጩን ጤናና አንዳንዴም ሕይወቱን። ስለዚህ ነገሩን በሩቁ ከማድነቅ ወይም በሩቁ ከመንቀፍ ይልቅ አንድ የታወቀ ሩጫ ወስደን በዝርዝር ብናየው ይጠቅማል ብለን አሰብን። የመረጥነውም እዚሁ በአህጉራችን፣ በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን የሚካሄደውን «የሁለቱ ውቅያኖሶች ማራቶን» ነው።

ሩጫው ምንድን ነው?

በቅድሚያ ስሙ እንዳያሳስት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ማራቶን ሲባል ሁላችንም የምናውቀው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ይህ ግን 56 ኪሎ ሜትር ነው። ከእርሱ ጋር 21 ኪሎ ሜትር የሆነ ግማሽ ማራቶንም ይካሄዳል። የሚካሄደው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኤፕሪል ወር ወይም በዚያ አካባቢ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት የክርስቲያኖች የፋሲካ በዓል ዋዜማ ቅዳሜን ተከትሎ ሲደረግ ቆይቷል። ያ ወቅት ለእነርሱ በልግ ነው፤ የበጋው ሙቀት የሚበርድበት፣ የክረምቱ ዝናብ ገና ያልጠናበት ጊዜ።

ሩጫው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን በዚያን ዕለት የተሰለፉት 26 ሰዎች ብቻ ነበሩ። የታሰበውም በደርባንና በፒተርማሪትዝበርግ መካከል ለሚደረገው፣ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሆነው «ኮምሬድስ» ለተባለው ሩጫ መለማመጃ እንዲሆን ነበር። ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከብዙ አገር እየመጡ ይሮጡታል።

ይህ ታሪክ ሲነገር አንድ ነገር መታለፍ የለበትም። ሩጫው የተጀመረው የዘር መድልዎ ሥርዓት በደቡብ አፍሪካ በሰፈነበት ዘመን ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መንገዱ ለነጭ ወንዶች ብቻ የተከፈተ ነበር። በ1975 ለሌሎች ዘሮችና ለሴቶች በይፋ ተከፈተ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1976፣ የሌሶቶ ተወላጅ የሆነው ጋባሻኔ ቪንሰንት ራካባዔሌ ሁሉንም ቀድሞ ገባ። ልብ በሉ! ጥቁር ሰው ከነጭ ጎን በአንድ የመናፈሻ ወንበር መቀመጥ በሚከለከልበት አገር አንድ ጥቁር ሯጭ በዚያው አገር ጎዳና ላይ ከሁሉ ቀድሞ ሲገባ የተመልካቹ ልብ ምን እንደተሰማው መገመት አያስቸግርም። ስሙ እስከ ዛሬ ለአንዱ የሩጫው ሜዳይ መጠሪያ ሆኖ ይነሣል።

የሩጫው ክብረ ወሰንም ቀላል አይደለም። በወንዶች ቶምሰን ማጋዋና በ1988 ያስመዘገበው 3 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ44 ሴኮንድ ለአሥርተ ዓመታት ሳይደፈር ቆይቷል። በሴቶች ፍሪዝ ቫን ደር መርቨ በ1989 የሮጠችበት ሰዓትም 33 ዓመት ሙሉ ጸንቶ ከቆየ በኋላ በ2022 ገርዳ ስታይን አሻሽላዋለች። እርሷም በ2024 ሰዓቷን እንደገና ወደ 3 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ54 ሴኮንድ አወረደችው። ይህን የምንጽፈው አንባቢ ከእነርሱ ጋር እንዲፎካከር ሳይሆን የመንገዱን ክብደት እንዲገምት ነው። ለሌላው ሰው የተፈቀደው ጊዜ፣ እስከ 2025 በነበረው ደንብ፣ 7 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ የደረሰ ሰው ሜዳይ አያገኝም።

መንገዱ

ሩጫው የሚጀምረው ጎሕ ሳይቀድ ኒውላንድስ ከተባለው ሠፈር ነው። በደቡብ ሠፈሮች በኩል አልፎ ሙይዘንበርግ ላይ ከባሕር ጋር ይገናኛል። ከዚያ ፎልስ ቤይ የሚባለውን ሰፊ ባሕረ ሰላጤ በግራ እየተው፣ የዓሣ አጥማጆች ወደብ ባለባት ካልክ ቤይ አልፎ ፊሽ ሁክ ይደርሳል። ፀሐይ የምትወጣው በዚህ አካባቢ፣ በውሃው ማዶ ነው። እስከ 28 ኪሎ ሜትር ድረስ መንገዱ ከሞላ ጎደል ሜዳ ነው።

ከዚህ በኋላ ሯጩ የባሕረ ገቡን ምድር አቋርጦ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኖርድሁክ ይሻገራል። ወዲያው አቀበቱ ይጀምራል። «ቻፕማንስ ፒክ» የተባለው ይህ መንገድ ከ1915 እስከ 1922 ድረስ ገደሉ እየተፈለፈለ የተሠራ ነው። ርዝመቱ 9 ኪሎ ሜትር ሲሆን 114 ጠመዝማዛ ኩርባዎች አሉት። በአንድ ወገን ቀጥ ያለ ተራራ፣ በሌላው ወገን ቁልቁል የአትላንቲክ ውቅያኖስ አለ። ድንጋይ እየተናደ አደጋ በማድረሱ በ2000 ተዘግቶ፣ መረብና መከላከያ ተሠርቶለት በ2003 መጨረሻ ተከፍቷል። በተዘጋባቸው ዓመታት ሩጫው በሌላ ተራራማ መንገድ ተካሂዷል። በ2015ም በአካባቢው ከተነሣው የሰደድ እሳት የተነሣ እንዲሁ ተደርጓል። ይህ ለሚጓዝ ሰው ትምህርት ነው፤ ፎቶግራፍ አይቶ የተመኘውን መንገድ ላያገኘው ይችላል።

የዚህ አቀበት ጫፍ 34ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን ከባሕር ጠለል 180 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከዚያ ወደ ሃውት ቤይ ቁልቁለት ነው። የማራቶን ርቀት የሚሞላው እዚህ ነው። ብዙ ሰው ዋናው አቀበት አለፈ ብሎ የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። ግን ከፊቱ ኮንስታንሺያ ኔክ የሚባለው ሁለተኛው አቀበት አለ፤ ጫፉ 46ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ ወደ 215 ሜትር ይደርሳል። በእርሻ ቋንቋ ብንናገር፣ ያረሰውን በሬ ሳያሳርፉ እንደገና መጥመድ ነው። ከዚያም በኪርስተንቦሽ የዕፅዋት ሥፍራ አጠገብ አልፎ በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያበቃል።

ስለ ስሙም አንድ ማስተካከያ እንጨምር። የአገሩ ሰው ፎልስ ቤይን ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ሌላውን ወገን ከአትላንቲክ ይቆጥራል። በባሕር ካርታ አዋቂዎች ዘንድ ግን የሁለቱ ውቅያኖሶች ወሰን ከዚያ ራቅ ብሎ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ አጉላስ ከተባለው የአህጉራችን የመጨረሻ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ነው። ልዩነቱ ግን በእጅ ይዳሰሳል፤ በምዕራብ ያለው ውሃ ከደቡብ በሚመጣው የቤንጉዌላ ሞገድ የተነሣ እጅግ ቀዝቃዛ ሲሆን የፎልስ ቤይ ውሃ ለብ ያለ ነው።

ከደጋ የሚሄድ ሰው

የአዲስ አበባ ሰው ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይኖራል። ወደ ባሕር ዳር ሲወርድ አየሩ ለሳንባው ይበዛለታል፤ እግሩ የቀለለ ይመስለዋል። ይህ ጸጋ ነው። ግን ወጥመድም አለበት። በመጀመሪያው 28 ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ «ዛሬ ልዩ ቀን ነው» ብሎ ከልምምዱ በላይ የሮጠ ሰው ዋጋውን የሚከፍለው በአቀበቶቹ ላይ ነው። ሳንባ ቢበረታም ጡንቻ በአንድ ቀን አይለወጥም። በተለይ ቁልቁለቱ የጭንን ጡንቻ ከአቀበቱ ይበልጥ ይጎዳል፤ ምክንያቱም ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደትን መግታት አለበት። እንጦጦ የሚወጣ ሯጭ መውጣቱን ብቻ ሳይሆን በዝግታ፣ በሥርዓት መውረዱንም ይለማመድ።

ሌላው ነገር ነፋስ ነው። ኬፕታውን በነፋሷ የታወቀች ከተማ ናት፤ በበጋ የሚነፍሰውን ደቡብ ምሥራቃዊ ነፋስ አየሩን ስለሚያጠራ «የኬፕ ሐኪም» ብለው ይጠሩታል። በዚያችው ከተማ በየዓመቱ የሚካሄደው ሌላው ውድድር፣ 42 ኪሎ ሜትሩ የኬፕታውን ማራቶን፣ በኦክቶበር 2025 ሌሊቱን በተነሣ ኃይለኛ ነፋስ የመነሻው ሥፍራ በመጎዳቱ በዕለቱ ጧት ተሰርዟል። ከሩቅ አገር የመጡ ሯጮች ቁጥራቸውን ደረታቸው ላይ እንደለጠፉ ተመልሰዋል። ለባሕር ዳር ሩጫ የሚሄድ ሰው ይህም ሊደርስ እንደሚችል አስቀድሞ ልቡን ያሳምን።

ውሃ፦ ማነስም መብዛትም

በደቡብ አፍሪካ ሩጫዎች ውሃ የሚታደለው በትንንሽ የላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ነው። ሯጩ በጥርሱ ቀዶ ይጠጣል ወይም ራሱ ላይ ያፈሳል። ታዲያ ምን ያህል ይጠጣ? ብዙ ሰው «በበዛ ቁጥር ይሻላል» ይላል። ይህ ስሕተት ሰው ገድሏል።

የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው ቲም ኖክስና ባልደረቦቻቸው በ1985 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በረጅም ርቀት ውድድር ላይ ከመጠን በላይ ጠጥተው የታመሙ አራት ሰዎችን ሁኔታ ገልጸዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሰው ከሚያልበው በላይ ለብዙ ሰዓት ሲጠጣ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል፤ ውሃው ወደ አንጎል ሴሎች ይገባና አንጎል ያብጣል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መወዛገብ፣ ሲብስም መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ነው። አደገኛነቱ ውሃ የጠማው ሰው ስለሚመስል ተመልካች ተጨማሪ ውሃ መስጠቱ ነው። ይበልጥ የሚያሰጋውም ፈጣኑን ሳይሆን ቀስ ብሎ የሚሮጠውንና በየጣቢያው እየቆመ የሚጠጣውን ነው።

ስለዚህ ሐኪሞች የሚመክሩት ቀላል ነው፤ ሲጠማህ ጠጣ፣ ሳይጠማህ አትጠጣ። ከሩጫው በኋላ ክብደቱ ከመነሻው ጨምሮ የተገኘ ሰው ከመጠን በላይ ጠጥቷል ማለት ነው። የተወዛገበ ሯጭ ካያችሁ ውሃ አታጠጡት፣ ወደ ሐኪሞች ድንኳን አድርሱት። በተጨማሪም ሕመም እንዳይሰማኝ ብሎ ከሩጫ በፊት እንደ አይቡፕሮፌን ያለ መድኃኒት መዋጥ በደከመ ሰውነት ላይ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው።

ረመዷንና ልምምድ

እዚህ ላይ ለእኛ ልዩ የሆነ ጉዳይ አለ። በ2022 እና በ2023 ይህ ሩጫ የተካሄደው በረመዷን ውስጥ ነበር። በ2024 እና በ2025 ደግሞ ዒድ ባለፈ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሆኗል። ረመዷን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ፣ በ2026 የሚጀምረው በፌብሩዋሪ 18 ወይም 19 ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም ወደ ጃንዋሪ እየቀረበ ይሄዳል። ስለዚህ የሩጫው ቀን ከጾሙ ቢወጣም የልምምዱ ዋና ወራት ከጾሙ ጋር ይገናኛሉ ማለት ነው።

ለ56 ኪሎ ሜትር የሚዘጋጅ ሰው ቢያንስ አራት ወር ያህል ሥርዓት ያለው ልምምድ ያስፈልገዋል። ረጅም ሩጫዎቹን የሚሮጠው ከውድድሩ ከሁለት ወር እስከ ሦስት ሳምንት በፊት ባለው ጊዜ ነው። ያ ጊዜ በረመዷን ላይ ከወደቀ ምን ይደረግ? ምክራችን እንዲህ ነው። ረጅሞቹን ሩጫዎች ከረመዷን በፊት መጨረስ፤ በጾሙ ወር ግን ያገኙትን ጉልበት መጠበቅ እንጂ አዲስ ጉልበት ለመገንባት አለመድከም። በጾም የሚሮጥ ሰው ከኢፍጧር በፊት ባለው የመጨረሻ ሰዓት ቀለል አድርጎ ቢሮጥ ወዲያው ውሃና ምግብ ያገኛል። ጠንከር ያለውን ልምምድ ከኢፍጧር በኋላ፣ ምግቡ ከሰከነ በኋላ ያድርገው። እኩለ ቀን ላይ በጾም ሁለትና ሦስት ሰዓት መሮጥ ግን ጀግንነት አይደለም። ይህ ሁሉ የማይመቸው ሰው ሌላ ወር ላይ የሚካሄድ ሩጫ ይምረጥ። የሩጫው ቀን ከጾሙ ጋር ባይስማማ የሚነሣው ሩጫው ነው፤ ወሩ ተመልሶ የሚመጣው ከዓመት በኋላ ነውና።

በውድድሩ ዕለትም የሱብሒ ሶላት ጉዳይ አለ። በዚያ ወቅት በኬፕታውን ፀሐይ የምትወጣው ከጧቱ 1 ሰዓት አካባቢ ሲሆን ሯጮች የሚነሡት ገና በጨለማ ነው። እንግዲህ የሶላቱ ወቅት የሚገባው በሰልፉ ላይ ወይም በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ሊሆን ይችላል። አስቀድሞ የዕለቱን የሶላት ሰዓትና የመነሻውን ሰዓት አስተያይቶ፣ ውዱእ አድርጎ፣ የሚሰግድበትን ሥፍራ አስቦ መሄድ ነው። መንገደኛ የተሰጠውን ፈቃድ በተመለከተ ደግሞ ከመነሣቱ በፊት ከሚያምናቸው ዑለማዎች ጠይቆ ይረዳ፤ በሩጫው ሜዳ ላይ ቆሞ ፈትዋ የሚሻበት ጊዜ አይኖረውም።

ኬፕታውን ለሙስሊም እንግዳ የምትከብድ ከተማ አይደለችም። በደች አገዛዝ ዘመን ከእስያ ደሴቶች በባርነትና በግዞት የመጡ ሰዎች እምነታቸውን ጠብቀው ያቆዩባት ናት። ቱዋን ጉሩ በሚል ስም የሚታወቁት ዓሊም በሮበን ደሴት ታሥረው ሳለ ቁርኣንን ከአእምሯቸው በእጃቸው እንደጻፉ ይነገርላቸዋል። ቦካፕ በሚባለው ሠፈር ያለው የአወል መስጊድም ከ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የቆየ፣ በአገሩ የመጀመሪያው መስጊድ ነው። ሐላል ምግብም በከተማዋ እንደ ልብ ይገኛል።

ትልቁ ፈተና

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አንድ ወጣት ዓመት ሙሉ ተለማምዷል እንበል። ገንዘብ አጠራቅሟል። ቤተሰብ ሸኝቶታል፣ ጎረቤት መርቆታል። ኬፕታውን ደርሶ ከውድድሩ ሁለት ቀን በፊት ትኩሳት ያዘው፤ ደረቱ ይወጋዋል፣ መገጣጠሚያው ያመዋል። ምን ያድርግ?

አብዛኛው ሰው «ይህን ያህል ወጥቼ እንዴት ሳልሮጥ እመለሳለሁ?» ይላል። መልሱ ግን አንድ ነው፤ አይሩጥ። ትኩሳት ያለበት፣ ከአንገት በታች የሆነ ሕመም የያዘው ሰው ረጅም ርቀት ሲሮጥ የልብ ጡንቻው ሊቆጣና የልቡ አመታት ሊዛባ ይችላል። የወጣው ገንዘብ ቢሮጥም ባይሮጥም ወጥቷል። የቀረው ጥያቄ ትንፋሹን በገንዘቡ ላይ ይጨምራል ወይስ አይጨምርም የሚለው ብቻ ነው።

ይህ የእኛ ፍርሃት ብቻ አይደለም። የዚሁ ሩጫ ሐኪሞች በማርቲን ሽዌልነስ መሪነት ከ2008 እስከ 2015 ድረስ 153,208 ተሳታፊዎችን ተከታትለዋል። በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት እንደ ወትሮው ነበር። ከ2012 ጀምሮ ግን ሯጮች ከውድድሩ በፊት ስለ ልብ ሕመም፣ ስለ ሌላ የቆየ በሽታ፣ ስለሚወስዱት መድኃኒት እንዲጠየቁ፣ ስጋት ያለባቸውም ምክር እንዲሰጣቸውና ሐኪም እንዲያማክሩ ተደረገ። ውጤቱ ምን ሆነ? በውድድሩ ላይ ሕክምና የሚሻ ችግር በ29 በመቶ፣ ለሕይወት የሚያሰጋው ደግሞ በ64 በመቶ ቀነሰ። ይህን ያስገኘው ውድ መሣሪያ አይደለም፤ አስቀድሞ መጠየቅና እውነቱን መመለስ ነው። እንግዲህ በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ የደም ግፊቱን ወይም የስኳር ሕመሙን የሚደብቅ ሰው የሚያታልለው ራሱን ነው። ሰውነታችን አማና ነው፤ አማና ደግሞ አይካድም።

ገንዘብና ወረቀት

ከአዲስ አበባ እስከ ኬፕታውን በአየር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የሰዓት ልዩነቱ አንድ ሰዓት ብቻ ስለሆነ እንቅልፍ አያዛባም። ኢትዮጵያዊ ግን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ይህም ጊዜ ስለሚወስድ ወራት አስቀድሞ መጀመር ይገባል። የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀትም ይጠየቃል። ይህ ክትባት አንድ ጊዜ ከተወሰደ የምስክር ወረቀቱ ለዕድሜ ልክ እንዲያገለግል ከ2016 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት ደንብ ተወስኗል። ለ56 ኪሎ ሜትሩ ደግሞ ቀደም ሲል ማራቶን በተወሰነ ሰዓት ውስጥ የጨረሰበትን ማስረጃ ማቅረብ ግድ ነው፤ ስለዚህ ምኞቱ የአንድ ዓመት ሳይሆን የሁለትና የሦስት ዓመት ዕቅድ ይሁን። ማስረጃው የሌለው ሰው በግማሽ ማራቶኑ ቢጀምር ምንም አይቀርበትም።

ስለ ወጪው የምንለው አጭር ነው። በብድር ለሩጫ አይኬድም። የልጆች ትምህርት ክፍያ፣ የወላጅ መድኃኒት፣ የቤት ኪራይ ተነክቶ የተገዛ የአውሮፕላን ትኬት ሜዳይ ቢያስገኝም በረከት አያስገኝም። ባለትዳር የሆነ ሰው ከትዳር ጓደኛው ጋር ተመካክሮ፣ ሁለቱም ወጪውን በቁጥር አውቀውት ይወስኑ። የመመዝገቢያ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የማይመለስ መሆኑንም አስቀድመው ይወቁ። አቅሙ የማይፈቅድለት ሰው ደግሞ ከማንም አያንስም። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ባሕር ዳር ከጣና አጠገብ የሚሮጥ ሰው ጧት ውሃ እያየ ሮጦ በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫም ከቤቱ ደጅ ነው።

ለእህቶችና ለወላጆች

እህቶቻችን ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደሉም። ሰውነታቸውን ሸፍነው፣ ሒጃባቸውን ጠብቀው የሚሮጡ ሴቶች በብዙ አገር አሉ። የምንመክረው ጥጥ ልብስ እንዳይመርጡ ነው፤ ላብና የባሕር ጤዛ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ቆዳም ይልጣል። ቶሎ የሚደርቅ፣ ቀለል ያለና ሰፋ ያለ ልብስ በልምምድ ደጋግመው ሞክረው ይሂዱ። በውድድር ዕለት አዲስ ልብስም ሆነ አዲስ ጫማ አይለበስም፤ ይህ ለወንዱም ነው። ጉዞውን ከቤተሰብ ጋር ማድረግ የተሻለ መሆኑን መንገር ለአንባቢዎቻችን የሚያስፈልግ አይመስለንም።

ወላጆች ሆይ! ታዳጊ ልጃችሁ ይህን ምኞት ቢያመጣላችሁ አትሳቁበት፣ አትቆጡትም። ረጅሙ ርቀት ለአዋቂዎች እንጂ ለታዳጊዎች እንዳልሆነ ንገሩት። በ5 እና በ10 ኪሎ ሜትር እንዲጀምር አበረታቱት። ልጃችሁ ለአካለ መጠን የደረሰና የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ስልክ ስትደውሉለት «ስንተኛ ወጣህ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ይህች አንዲት ጥያቄ ስንቱን የታመመ ልጅ ከአልጋው አስነሥታ ወደ መነሻው መስመር ልካዋለች። ይልቁንስ «ሰውነትህ እንዴት ነው?» በሉት። አሞት ሳይሮጥ ቢመለስም እንደ ባለ ሜዳይ ተቀበሉት፤ ትኩሳቱን እያወቀ ከመነሻው መስመር የተመለሰ ሰው ነፍሱን አሸንፏልና።

ወጣቶች ሆይ! በዚያ ሩጫ ከ6 እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ለሚገቡት የሚሰጥ ሰማያዊ ሜዳይ አለ። ሰማያዊውን የተቀበለው ሰው የሮጠው መንገድ የአንደኛው መንገድ ነው፤ ያየው ባሕርም ያው ባሕር ነው። ልዩነቱ ሌላው ቀድሞ ማረፉ ብቻ ነው። በአቅማችሁ ተዘጋጁ፣ ሐኪም አማክሩ፣ ቤተሰባችሁን አስፈቅዱ፣ ከዚያም በአላህ ተመክታችሁ ሂዱ።

በሚቀጥለው ወር በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ድረስ፣ ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።